ከሙሄ በኋላ የወጣው ዳቦ

ሰኞ

አልተቃጠለም፣ ቂጣም አልሆነም። የእህቴ ልጅ ሐያት የመጀመሪያውን የዳቦ መጋገሪያ ፓትራ ከምድጃው ስትስብ ትንፋሼን ይዤ በር ላይ ቆሜ ነበር። ዳቦው ነፍቶ፣ ጀርባው ቀልቶ ወጣ። አባቷ ከተቀበረ ወዲህ ምድጃው ሲነድ ይህ የመጀመሪያው ነው።

አባቷን የመርሳ ሰው ሁሉ ጋሽ ሙሄ ይለው ነበር። ለእኔ መጀመሪያ ጓደኛዬ፣ በኋላ የእህቴ የመርየም ባል ነበር። ከወልድያ ለለቅሶ መጥቼ እስካሁን አልተመለስኩም።

ያስጨነቀኝ ነገር ይህ ነው። የሐያት ወንድም ጀማል ዓርብ ኮምቦልቻ ወደ ሥራው ይመለሳል። ከመሄዱ በፊት ዳቦ ቤቱን ቆርቆሮና ሚስማር ለሚሸጥ ነጋዴ ሊያከራየው ይፈልጋል። ነጋዴው ምድጃውን ያፈርሰዋል። መርየም እስቲ ልጅቱ ትሞክር አለች። ጀማልም ተስማማ፤ እስከ ዓርብ ዳቦ ገዢ ከመጣ ቤቱ የሐያት ነው፣ ካልመጣ የነጋዴው። ክፉ ልጅ አይደለም። እናቱ ያለ ገቢ እንዳትቀር ነው የሚፈራው።

ጠዋት ብዙ ሰው መጣ። ሙስሊሙ በሩ ላይ ቆሞ ዱዓ ያደርጋል፣ ክርስቲያኑ ነፍስ ይማር ይላል፣ ከዚያ ይሄዳል። የገዛ ግን የለም። ከሰዓት በኋላ መርየም ዳቦው ደርቆ ከሚበላሽ በሙሄ ስም ለነዳያን ይሰጥ አለች። መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም በር ላይ ወስጄ አደልኩ። ቢያንስ አልተጣለም።

ማክሰኞ

እንደ ትናንቱ። ዱዓ፣ ነፍስ ይማር፣ ባዶ እጅ መመለስ። የተረፈውን እንደገና አደልኩ።

ሐያት ጨውን ጠረጠረች፣ እርሾውን ጠረጠረች፣ እንጨቱንም። ቀመስኩት። ምንም አልጎደለውም። «ዳቦውማ ደህና ነው፣ አጎቴ። የሚፈልጉት እሱን ነበር» አለችኝ።

ቀኑን ሙሉ ሙሄን ሳስብ ዋልኩ። የክርስቲያኑ ጾም ሲገባ ቅቤ ያልነካቸውን ፓትራዎች ለጾሙ ዳቦ ለብቻ ግድግዳ ላይ ይሰቅል ነበር። ማንም ጠይቆት አያውቅም፤ ማንም ተጠራጥሮትም አያውቅም። ሐያት ትንሽ ሳለች ሊጥ ቆርሶ ይሰጣት ነበር። እሷ ዶሮ ነው ብላ የምትሠራውን ቅርጽ የሌለው ነገር ከገበያው ዳቦ ጋር ይጋግረዋል፤ ሰው እጁን ሲሰድ «እሱ ተሽጧል» ይላል። ከዚያ ራሱ ይበላዋል። እንደ ድንጋይ የጠጠረውን ሁሉ።

ደግሞ የለቅሶ ዳቦ አለ። በመርሳ ሰው ሲሞት፣ የማንም ቤት ይሁን፣ ሙሄ ለለቅሶተኛው ዳቦ ይልካል። ብር አይቀበልም። ሊከፍል የመጣውን ያኮርፈው ነበር።

ረቡዕ

ገባኝ። ጥፋቱ የእኛው ነው!

ጠዋት ባጃጅ ተሳፈርኩ። ሾፌሩ ወጣት ነው፤ የሙሄ ዘመድ መሆኔን ሲያውቅ ሂሳብ አልቀበልም አለ። የጋሽ ሙሄ ሰደቃ መስጊድ በር ላይ ለአያቱ ደርሷቸው እሱም ቆርሶ መብላቱን፣ አላህ እንዲቀበለው ዱዓ ማድረጉን ነገረኝ። ታዲያ ለምን መጥተህ አትገዛም አልኩት። ዞሮ አየኝ።

«የለቅሶ ቤት ዳቦ በብር? እናቴ ብትሰማ ቤት አታስገባኝም።»

ከተማው ሁሉ እንዲህ ነው ያሰበው። ይህን ያስተማረው ራሱ ሙሄ ነው፤ የለቅሶ ዳቦ አይሸጥም። ለቅሶው ሳይበርድ ምድጃው ሲነድ ሰው ሰደቃ መሰለው። እኛ ደግሞ የተረፈውን በስሙ አድለን አረጋገጥንለት። ብር አውጥቶ መግዛት ነውር፣ በነጻ መውሰድም ከነዳያን አፍ መንጠቅ ሆነበት። ስለዚህ ዱዓውን አድርጎ ይሄዳል።

ለሐያት ስነግራት አለቀሰች፣ ወዲያው ሳቀች። ጠልተዋት አልነበረም። ለእኔ ግማሹ ጭንቀት እዚያው ወረደ። ግን እንዴት ይነገራል? አባቷ በሞተ ማግስት ዳቦ ግዙኝ ብላ አትጮህ። መርየም የባሏን ሐዘን የምትጠብቅበት ዒዳ ላይ ናት፣ ከቤት አትወጣም። ጀማል ደግሞ ዓርብን ይጠብቃል።

ሐሙስ

በጠዋት እትዬ አልጋነሽ ዘንድ ሄድኩ። ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ሻይ ቤት አላቸው። ከሙሄ ጋር ሳይጨቃጨቁ የዋሉበት ቀን የለም፤ እሳቸው ዳቦው አነሰ ይላሉ፣ እሱ «ዳቦው አላነሰም፣ አንቺ ነሽ የወፈርሽው» ይላቸው ነበር። እንዲህ ያለውን ከእሱ አፍ ብቻ ነበር የሚቀበሉት። ነገሩን አስረዳኋቸው። ሌላ አልጠየቁኝም፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ።

መንገዱ ሰው እስኪሞላ ጠበቁ። ከዚያ ገብተው አንድ ዳቦ አነሡና በእጃቸው መዘኑት።

«ያባትሽ እንዲህ አያንስም ነበር!»

ደጅ የነበረው ሁሉ ዞረ። ሐያት ደነገጠች። ምንም የነገርኳት የለም። ዳቦውን አየች፣ ሴትየዋን አየች።

«ዳቦው አላነሰም፣ እትዬ። አንቱ ነዎት የወፈሩት።»

መጀመሪያ እትዬ አልጋነሽ ሳቁ፣ ቀጥሎ ደጁ። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው ብሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፤ ለሻይ ቤቱ አንድ ፌስታል ሙሉ ወሰዱ። ከኋላቸው የነበረው ሰውዬ ቀስ ብሎ ሐያትን ጠየቃት፦ «ይሸጣል እንዴ?»

ይሸጣል።

ዓርብ

ከጁምዓ ሶላት የወጣው ሰው በቀጥታ መጣ። ሰልፉ እስከ እትዬ አልጋነሽ በር ደረሰ፤ እሳቸውም ደንበኛ መግቢያ አጣ ብለው ሲቆጡ ዋሉ።

ጀማል ሻንጣውን ይዞ ለመንገዱ ዳቦ ሊወስድ ገባ። አልቋል። ሐያት በዱቄት እጇ ባዶውን መደርደሪያ አሳየችው፤ ሰልፍ ለምን አልያዝክም አለችው። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ እዚያው ፊታችን ለቆርቆሮ ነጋዴው ደወለ። ሌላ ቤት እንዲፈልግ ነገረው። «ይኼኛው ሰው አለበት» አለ።

የሚመጣውንም ሳምንት እንዲህ ይዘልቅ እንደሆነ አላውቅም። ዱቄት በየጊዜው ይወደዳል፣ ሐያትም ክንዷ ገና አልጠነከረም። መርየም ከውስጥ ለእራት ስንት ዳቦ እንደቀረልን ጠየቀች። አንድም የለም አልኳት። ሙሄ ካገባት ጀምሮ ዛሬ ገና ያለ ዳቦ እራት ልትበላ ነው። «አልሐምዱሊላህ» አለች።