ቀዩን የሚለቅመው አየር

ለአስካለ፣ ለቤቴ እመቤት፦

ሰባ አራት ዓመቴ ነው። አሁንም ቡናዬን ራሴ እገርዛለሁ፤ በቅሎዬን ራሴ እጭናለሁ፤ ይሄንንም ደብዳቤ ማንም ሳይጽፍልኝ ራሴ እየጻፍኩት ነው። ፊደሉ ቢንጋደድ አንቺ ታውቂኛለሽ። ከዚህ ዓለም ከተለየሽኝ ሁለተኛው ክረምት ሊወጣ ነው።

ቤታችን ቆርቆሮ ለብሷል። ብርቅነሽ ከአዲስ አበባ፣ ከዩኒቨርሲቲ፣ ለክረምቱ መጥታለች። ያቺ ጥያቄ የማያልቅባት ልጅሽ አሁን የምታጠናው ሰማይ ነው። ከፀሐይ እጅግ ርቀው የሚዞሩ ሁለት ትልልቅ ዓለማት አሉ አለችኝ፤ ዩራኑስና ኔፕቱን ይባላሉ። ብርዳቸው ሌላ ነው፤ አሞንያ የሚሉት ያ አፍንጫ የሚበጥስ ሽታ እንኳ እዚያ በረዶ ይሆናል። አየራቸው ሃይድሮጅን ነው፣ ሜቴን የሚባል ተቀላቅሎበታል። ሜቴን ደግሞ ምንድን ነው ብላት እጄን ይዛ ወደ ታች፣ ወደ ረግረጉ ወሰደችኝ።

ጎረቤታችን አባ ቢያ ደግሞ ተከተለን። ጭቃውን በዱላ ቆሰቆሰችና፣ ያን ጋኔን ነው እያልን በቅሎ የማናስጠጋበትን አረፋ በተደፋ ጠርሙስ ሰበሰበችው። ክብሪት ስትለኩስበት ሰማያዊ ነበልባል ቦግ አለ። አባ ቢያ ሱብሃነላህ ብሎ ወደ ኋላ ሸሸ። እኔ አልሸሸሁም፤ ብዙ አልሸሸሁም። ሜቴን ማለት ይኸው ነው አለችን። አባ ቢያ ታዲያ እዚያ ረግረግ ካለ ከብቱን ማን ያጠጣዋል ብሎ ጠየቃት፤ እኔም ጥያቄው ልክ መስሎኝ መልሱን ጠበቅሁ። ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከብትም ረግረግም የለም፣ አየሩ ብቻ ነው የሚመሳሰለው አለች።

ማንም ሳይሄድ ይህን በምን አወቁ አልኳት። የፀሐይ ብርሃን ብዙ ቀለም አለበት፤ እዚያ ደርሶ ሲመለስ ሜቴኑ ቀዩን ያስቀርበታል፤ ከጎደለው ቀለም አየሩን ይለዩታል፤ ዓለማቱም ሰማያዊና አረንጓዴ የሚመስሉት ለዚህ ነው አለችኝ። ያኔ ገባኝ። ትዝ ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ቀዩን የቡና ፍሬ ብቻ ለቅመሽ ስታልፊ ዛፉ አረንጓዴ ሆኖ ይቀር ነበር፤ እኔም ሳየው አስካለ በዚህ አልፋለች እል ነበር። ይህን ስነግራት ልጅሽ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

ከደመናው በታች ምን እንዳለ ግን እስካሁን ማንም አያውቅም አለችኝ። ይህን ስትል ፊቷን ብታዪው! ይህን ለማወቅ ነው ተመልሳ ትምህርቷን መቀጠል የምትፈልገው። ወንድምሽ ደግሞ ለሄርማታ ገበያው ቡና ነጋዴ ልጅ ብሎ ሽማግሌ አስልኮባታል። እኔም ቤቱ ባዶ እንዳይሆንብኝ ብዬ እምቢ ሳልላቸው፣ እሑድ ተመለሱ አልኳቸው። እሑድ ነገ ነው።

ቆርጫለሁ አስካልዬ። አንቺን እስካለሁ አልረሳሽም፤ ከዚህ ቤት ስምሽ ሳይጠራ የሚመሽ ቀን የለም። ያለብኝን ሁሉ ደግሞ በራሴ እጅ እከፍላለሁ። ለእመቤታችን የተሳልሽውን ጥላ መርካቶ ወርጄ ራሴ እገዛለሁ። ሽማግሌዎቹን ቆሜ፣ በክብር፣ ራሴ እምቢ እላቸዋለሁ። ወንድምሽ ሲያኮርፍ ደጁ ድረስ ሄጄ ራሴ እታረቀዋለሁ። የልጅሽን ሣጥን አውቶቡስ ድረስ ራሴ እሸከማለሁ። ከሁሉ የሚከብደኝ ሂጂ ማለቱ ነው። ለዚህ ሽማግሌ አልልክም፤ ራሴ እላታለሁ።