የቆረጥከውን ሦስት ደቂቃ መልስ

ለወንድሜ ለመምህር ወንድምአገኝ፣
ኪጋሊ

እንዴት ነህ? ጤናህስ? ጨጓራህ ተሻለህ ወይ? የአገሩ ምግብ ተስማማህ? ብርድ ልብስ አለህ? ይህን ሁሉ የምትጠይቅህ እናታችን የሺሃረግ ናት። አጠገቤ ተቀምጣ አንድ በአንድ አስጻፈችኝ። እሷ ጉልበቷን ከሚያማት በቀር ደኅና ናት። እኛም በአካል ደኅና ነን። ከዚህ በታች ያለው ግን የእኔ ነው፤ እሷ አላየችውም።

በወረቀት የጻፍኩልህ ሌላው መንገድ ስላልሠራ ነው። በታኅሣሥ በቴሌግራም ሁለት ገጽ የሚሞላ ነገር ብጽፍልህ በአንድ አውራ ጣት መለስክልኝ። ደግሜ ብጽፍልህ «ጋሼ አታካብደው፤ ሰው ስቆ ይረሳዋል» አልከኝ። ለዕረፍት መጥቶ የነበረው የመኝታ ክፍል ጓደኛህ ዑራኤል እሑድ ስለሚመለስ ይህን በእጅህ ይሰጥሃል። ቁጭ በል፤ እስከ መጨረሻው አንብብ።

ዐምና ግንቦት ላይ ዘጠነኛ ክፍል ስታስተምር የትምህርት ክፍሉ ተጠሪ ሆኜ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። የክፍል ምልከታ ቅጹ ጉልበቴ ላይ ነው። ስልክህን በማቆሚያው አቁመህ ለልጆቹ «ይህ የሚቀረጸው ዝናብ አግዷቸው ለቀሩት ጓደኞቻችሁ ነው፤ ከዚህ ክፍል አይወጣም» አልክ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ልጆቹም ለዚያ ብለው እሺ አሉ። ደግ ሥራ ነው ብዬ ነበር። ወንዝ ሞልቶባቸው ሦስት ቀን የቀሩ ልጆች ትምህርቱን ከጓደኛ ስልክ ሲያዩ በዓይኔ አይቻለሁና፣ ወንድምህ ቴክኖሎጂ የሚፈራ ሽማግሌ ነው ብለህ እንዳትገላገለኝ።

ከዚያ የጎረቤታችንን የበግ ነጋዴውን የሚፍታን ልጅ ናኢማን ወደ ሰሌዳው ጠራሃት። ጥያቄውን በእንግሊዝኛ አነበብክላት፤ ድምራቸው ዐሥራ አራት፣ ብዜታቸው አርባ ስምንት የሆኑ ሁለት ቁጥሮች ፈልጊ። ጠመኔውን ይዛ ቆመች። ሃምሳ ሰከንድ ያህል ዝም አለች። ስምንተኛ ክፍል ድረስ በአፋን ኦሮሞ ተምራ የመጣች ልጅ መሆኗን አንተም ታውቃለህ። ከዚያ ዞር ብላ «ቲቸር፣ በራሴ ቋንቋ ላስበው?» አለችህ፤ ፈቀድክላት። የዐሥራ አራት ግማሽ ሰባት ነው አለች። ሰባት በሰባት አርባ ዘጠኝ ነው። ከአርባ ስምንት የሚበልጠው በአንድ ነው፤ ስለዚህ ከሰባት አንድ እቀንሳለሁ፣ በሰባት ላይ አንድ እጨምራለሁ አለች። ስድስትና ስምንት። አንተ ያላስተማርካት መንገድ ነው። እኔም በዘጠነኛ ክፍል አላስተማርኩትም። ክፍሉ አጨበጨበ፤ አንተም «ጎበዝ!» ብለህ አስቀመጥካት።

ይህን ሁሉ የምታውቀውን ነገር የምነግርህ ሳታውቅ እንዳላጠፋህ እንድትረዳ ነው።

ኪጋሊ ገብተህ፣ የትምህርት ቴክኖሎጂ የሚባል ነገር ልታጠና ወንበር ይዘህ፣ በገጽህ ላይ የሚለጠፍ ሲያልቅብህ ያንን ቪዲዮ አወጣኸው። ዝም ያለችበትን ሃምሳ ሰከንድ ብቻ ያዝክ፤ የሠራችበትን ሦስት ደቂቃ ቆርጠህ ጣልክ። በዝምታዋ ላይ የበግ ጩኸት ጨመርክበት። «የክፍላችን ጎበዝ» ብለህም ጻፍክ። የሳቁትን አንድ በአንድ አመሰገንክ። «ስሟን አልጻፍኩም» ብለህ መለስክልኝ። ፊቷ አለ፤ የደንብ ልብሷ አለ፤ ድምፅህ አለ። አሰላ ውስጥ ስም የሚያስፈልገው ለማን ነው?

በግ የመረጥከው የአባቷን ሥራ ስለምታውቅ ይሁን ወይም በአጋጣሚ አላውቅም፤ እንድትነግረኝም አልፈልግም። ልጆቹ መጀመሪያ በር ላይ «ባዕ» ይሏት ጀመር። ቀጥሎ ገበያው ያዘው። ታኅሣሥ ሲጋመስ አንድ ቀልደኛ ገዢ የሚፍታን በግ ጆሮዋን ይዞ «ሚፍታ፣ ይቺ ስንተኛ ክፍል ናት?» አለው። ሌላው ቀበል አድርጎ «ሂሳብ ላይ ትንሽ ትቸገራለች አሉ» አለ። ገበያው ሳቀ። ሚፍታ ከስድስቱ በግ አንዱን እንኳ ሳይሸጥ እየነዳ ተመለሰ። ከዚያ ሰኞ ጀምሮ ናኢማ ትምህርት ቤት አልመጣችም። የመንፈቅ ዓመቱም ፈተና አመለጣት። አሁን ጢቾ አክስቷ ሱቅ ልትሄድ ልብሷ ታስሯል። ዘይቱና፣ እናቷ፣ በአጥራችን ስታልፍ ለእማዬ ሰላምታ መስጠት ትታለች። አርባ ዓመት የቆየ ጉርብትና ነው፤ ደስታውንም ሐዘኑንም ያለ ጥሪ ሲገባቡ የኖሩ ሰዎች ናቸው። እማዬ ምክንያቱን አታውቅም። ጆሮዋ ደክሞ የጠራኋትን አልሰማችኝም ይሆናል ትላለች።

ልጠይቅህ። ሠላሳ ዓመት ያስተማርነው በጥቁር ሰሌዳ ለምን ይመስልሃል? ድሆች ስለሆንን ብቻ ነው? ሰሌዳ ዳስተር አለው። ልጅ ይሳሳታል፣ ይጠረጋል፣ ይቀመጣል፤ ነገ ደግሞ ይወጣል። እኔ ያስተማርኳቸው ሐኪሞችና ዳኞች በዘጠነኛ ክፍል ምን ብለው እንደተሳሳቱ ዛሬ የሚያውቅ የለም፤ እኔም ረስቼዋለሁ። አስተማሪነት ማለት ከግማሹ በላይ ይህ ነው፤ የሰው ልጅ ሲማር የሚያሳየውን ድንቁርና አይቶ ዝም ማለት። አንተ በኪስህ ዳስተር የሌለው ሰሌዳ ይዘህ ገባህ። ይዘህ መግባትህ አይደለም ጥፋቱ። የያዝከው ነገር ከጠመኔ የበለጠ ጥንቃቄ እንደሚፈልግ አለማሰብህ ነው። ለቀሩ ልጆች ብለህ የለመንከውን ፈቃድ ለማያውቋት ሰዎች ሣቅ አዋልከው። በእኛ ሙያ ለዚህ ጨዋታ የሚባል ስም የለውም።

ቅዳሜ ጥር ፲፮ ሐጂ ጅብሪልንና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች አስከትዬ፣ ለዕርቅ እርጥብ ሣር በእጃችን ይዘን ሚፍታ ደጅ ቆምን። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፤ በሌላ ሰው ጥፋት ሣር ይዤ ደጅ ስቆም የመጀመሪያዬ ነው። ሚፍታ ጨዋ ስለሆነ አስገባን።

ሐጂ ጅብሪል «ይህን ነገር ስንት ሰው አየው?» ብለው ጠየቁኝ። ሦስት መቶ ዐሥር ሺህ አልኳቸው። «አሰላ ያን ያህል ሰው አለው?» አሉ። የለውም አልኩ። «በቆጂ ቢጨመርስ?» አሉ። ቢጨመርም አይሞላም አልኩ። ጺማቸውን ያዝ አድርገው «እንግዲህ ሸንጎው ሰፊ ነው» አሉ። የሽማግሌዎቹን ሕግ ታውቃለህ፤ በአደባባይ የተሰደበ በጓዳ አይታረቅም። ነገሩ የተነገረው በማን ፊት ነው፣ ይቅርታውም በእነዚያው ፊት ነው።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ለማብረድ ብለው «ልጁ ያጥፋውና ይለቅ» ቢሉ ሚፍታ አልተቀበለም። «ቢያጠፋው ካየው ሰው ዓይን ይጠፋል?» አለ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞሮ እንዲህ አለኝ፤ «መምህር፣ እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ። በግ ስሸጥ ግን አፉን ከፍቼ ጥርሱን አሳያለሁ፤ ላቱን አንስቼ አሳያለሁ። የሚያነክስ ከሆነ ያነክሳል እላለሁ። ወንድምዎ ልጄን ግማሿን ደብቆ ገበያ አወጣት።» ለዚህ መልስ አንተ ካለህ ጻፍልኝ።

ከዚያ ናኢማን አስጠሯት። መጋረጃው ሥር ቆማ መሬት መሬት እያየች «ቲቸር፣ እኔ እኮ ሠርቼው ነበር። እርስዎም ነበሩ» አለችኝ።

ነበርኩ። ለዚህ ነው ተነሥቼ በሽማግሌዎቹ ፊት የራሴን የተናገርኩት። በምልከታ ቅጹ ላይ «የቴክኖሎጂ አጠቃቀም» የሚል ረድፍ አለ፤ ከአምስት አምስት ሰጥቼሃለሁ። ስልኩ መቆሙን አየሁና ሰጠሁህ። ቪዲዮው ከክፍለ ጊዜው በኋላ የት ይቀመጣል፣ ማን ያየዋል፣ መቼ ይጠፋል ብዬ አልጠየቅኩህም። ተማሪ አንድ ምልክት ሲስት ነጥብ የምቀንስ ሰው ስለ ልጆች ፊት አንድ ጥያቄ አልጠየቅኩም። ሐጂ ጅብሪል ሰምተውኝ «እንግዲያ አንተም ከዕዳው አለህበት፤ ዋስ ትሆናለህ» አሉ። ሆኛለሁ።

ፍርዱ ይህ ነው። በዚያው ገጽህ ላይ፣ ፊትህን አሳይተህ፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ቆርጬ አሳየኋችሁ፣ አታለልኳችሁ፣ አጠፋሁ ትላለህ። ከዚያ ሙሉውን ታሳያለህ፤ አሮጌውን ታወርዳለህ። ሙሉውን ማሳየት በናኢማ ፈቃድ ብቻ ነው ብዬ እኔ ተከራከርኩ፤ ዳግመኛ ሳትጠየቅ እንድትወጣ አልፈቀድኩም። ጠየቅናት። «ከምሠራበት ጀምሩ» ትላለች ብዬ ስጠብቅ «ዝም ያልኩበትም ይኑር። አትቁረጡት። ያኔ እኮ እያሰብኩ ነበር» አለች። ወንድምአገኝ፣ አንተ ሃምሳ ሰከንዱን አፈርክበት ወይም ሣቅክበት፤ እሷ አላፈረችበትም። የበጉ ድምፅ ብቻ ይውጣልኝ ብላለች።

ከዚህም ሌላ ለሚፍታ ራስህ ትደውላለህ። በጽሑፍ አይደለም፤ በድምፅ። ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ጥር ፴ እንደገና ይቀመጣሉ። በዚያ ቀን ሐጂ ጅብሪል በልጅ ልጃቸው ስልክ ገጽህን ከፍተው ያያሉ።

ቪዲዮው ጠፍቶብኛል እንዳትለኝ። ለቀሩት ልጆች የላክኸው ሙሉ ቅጂ በልጄ በሐመልማል ስልክ ላይ አለ፤ ዑራኤል ይዞልህ ይመጣል። እኔ ራሴ ልለጥፈው እችል ነበር። ግን ያልሰደበ ሰው ይቅርታ ቢጠይቅ ማን ይሰማዋል? ተማሪዎቼ ሌላ ተማሪ የሠራውን ገልብጠው ሲያመጡ አልቀበልም፤ ያንተንም ገልብጬ አልሠራልህም።

ርዕሰ መምህሩን አስቸግሬ ያመለጣትን ፈተና እንድትፈተን አስፈቅጃለሁ። የፈቀዱት በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ሰኞ የካቲት ፪ ሲጀመር ክፍል ውስጥ መገኘት አለባት። ሚፍታ ደግሞ ያንተን ይቅርታ ሳያይ አይልካትም። ካልተገኘች ከመዝገብ ትሰረዛለች፤ አባቷም በማግስቱ ጢቾ ይወስዳታል። ወደ ኋላ የሚመልሳት ሰው የለም። እዚያ ሱቅ ውስጥ የልብስ ሳሙና እየሸጠች ታድጋለች፤ አንተ ደግሞ ስለ ትምህርት ቴክኖሎጂ የመመረቂያ ጽሑፍህን ታቀርባለህ። ያንን ጽሑፍ ለእኔ እንዳትልክልኝ።

እማዬ የሺሃረግ በሰላም ጠብቅልኝ እያለች ትጸልይልሃለች። ዘይቱና ለምን እንደራቀቻት እስካሁን አልነገርኳትም፤ ከእኔ ከምትሰማው ከአንተ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው። ስትደውል ንገራት። ባለቤቴ ዘመናይ እንዴት ነህ ብላሃለች፤ «እሱን እንዲህ አድርገን አላሳደግነውም» በልልኝ ብላም ጨምራለች። ሐመልማል ሰላም በይው ብላት እንቢ አለች፤ አላስገደድኳትም። እሷና ናኢማ አንድ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት። ናኢማ ከቀረች ጀምሮ ሌላ ልጅ እንዳይቀመጥበት ቦርሳዋን ቦታው ላይ እያስቀመጠች ስትጣላ ከርማለች። ትናንት ማታ መጥታ «አባዬ፣ ትምህርት የሚጀመር ሰኞ ቦርሳዬን ለናኢማ ላንሳላት?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት።

ወንድምህ ወልደአማኑኤል

አሰላ
ጥር ፲፱ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.