ደጃችንን ሳይረግጥ

ለውድ እናቴ፤

ዓይንዎ እንዴት ሰነበተ? ፋሻው ይቆረቁረኛል እንዳሉ ፀጋ በስልክ ነግራኛለች። እባክዎ አይሹት። የደብረ ብርሃን ብርድ ከእኛው ይሻላል ቢባልም ጋቢዎን ከላይዎ አይጣሉ። እኛ ዘንድ ሁሉም ደኅና ነው። ገብሱ ገብቷል፤ ጥቁሯ በግ መንታ ወልዳለች። መቀመጥ ያቃተኝ እኔ ብቻ ነኝ። ፎቶ ቤቱን እከፍታለሁ፣ ወዲያው ዘግቼ ወደ ቤት እመለሳለሁ። ፀጋ እህቴ፣ የምታነቢላቸው አንቺ ነሽና አንዲት ቃል እንዳትዘይ።

እናቴ፣ ሳሎን ያለችውን ጥቁር ሣጥን ያስታውሷታል፤ «ሳትበላ የምታንጎራጉር» የሚሏትን። የደንበኞቼን የሠርግ ፎቶና አባባ ሳይሞቱ የቀዳሁትን ድምፃቸውን የማኖርባት ሰርቨር ናት። ድምፃቸውን እዚያው ሆነው በፀጋ ስልክ እንዲሰሙ ቃል ገብቼልዎት ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር ግን ኢንተርኔቱን የሚያከፋፍለው ራውተር ሌላ አድራሻ ይሰጣታል፤ ስልኩም አያገኛትም። አሁን ቋሚ አድራሻ ሰጠኋት። ከውጭ የሚመጣ በይለፍ ቃል ብቻ እንዲገባ አደረግኩ፤ ማንንም የሚያስገባውን «እንግዳ» የሚለውን ዘጋሁ። የአባባ ድምፅ ያለበትን የቤተሰቡን ፎልደር ለእርስዎ፣ ለፀጋና ለእኔ ከፈትኩ።

ያን ዕለት ምንይሉ ከሸዋ ሮቢት ደወለ።

ወረቀቱን አያስጥሏት፣ እናቴ። ነጅዋን ሲያገባ «ደጄን እንዳይረግጥ» ብለው ከማሉ ወዲህ የልጅዎን ስም ለእርስዎ ሳነሣ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

የአባባን ምርቃት ብቻ ልስማው አለኝ። መሐላውን አስታወስኩት። ደጁን መች እረግጣለሁ፣ የምመጣው በሽቦ ነው ብሎ ሳቀ። ከመቼ ወዲህ ነው የመሐላ ሊቅ የሆንከው ስለው፣ እትዬ፣ አንቺ ክፈቺልኝ እንጂ ንስሐውን እኔ እገባለሁ አለ። ለምን አሁን ፈለግከው ስለው፣ ከኋላው ነጅዋ፣ ቀስ በል፣ ትወድቃለህ ስትል ሰማሁ። እንዲህ የምትለው ምንይሉን አልነበረም።

የዘመሮ ገበያ ቀን ነበር። ፎቶ ሊነሡ የመጡት በር ላይ እየጠበቁኝ ስሙን ጻፍኩ፣ አጠፋሁ፣ እንደገና ጻፍኩ። «ማየት ብቻ» የሚለውን መረጥኩለት። ያም ዕረፍት አልሰጠኝም። አባባ በዚያው ቅጂ፣ ለዓመታት ተከልሎ የቆየው የጋራ መሬታችን ጓሳ በተከፈተ ጊዜ ሣር አጫጆቹን ሲመርቁ፣ የሚዘጋው እንዲያድግ ነው እንጂ ተዘግቶ እንዲቀር አይደለም ይላሉ። ጓሳ ሲከፈት የአባት ድርሻ ያለውን ሰው ሣሩን አይተህ ተመለስ የሚለው የለም። «ማስቀመጥም ይችላል» የሚለውን ጨመርኩለት።

በማግስቱ ፎልደሩ ውስጥ ምንይሉ ያስቀመጠው አንድ አዲስ ድምፅ አገኘሁ። አባባ ይመርቃሉ፤ ባበቁ ቁጥር አንድ ትንሽ ድምፅ አሜን ይላል። አንዳንዴ ይቀድማቸዋል። አባባ ሲያስሉ እሱም ያስላል።

ማን እንደሆነ አልነግርዎትም። የታሰረው ዓይንዎ ነው፤ ጆሮዎ አልታሰረም። ፀጋ ታሰማዎት። ካልወደዱት ከምንይሉ ስም ጎን ያለውን ቀይ ምልክት መንካት ነው፤ ያኔ ስሙ ይጠፋል። ሥልጣኑን ለእርስዎም ሰጥቻለሁ። የእኔ እጅ እንቢ ብሎኛል። መሐላዎን ደፍሬ ከሆነ ይቅር ይበሉኝ። ደጁን ግን ማንም አልረገጠውም፤ ዛሬ ጠዋት ወጥቼ አየሁ፣ ውርጩ ላይ ዱካ የለም።

ምርቃቱን እስከ መጨረሻው ያድምጡት። አባባ ከጨረሱ በኋላም አያስቁሙት። ከዚያ ያ ትንሽ ድምፅ፣ ሌላስ? ይላል።

ፈጣሪ የዓይንዎን ብርሃን ይመልስልዎ፤ ፋሻው ሲፈታ ፊትዎ የሚቆመው ሁሉ የሚወዱት ይሁን።

ቤቱን የምትጠብቅልዎ
ልጅዎ