እናትህ የቋጠሩልህ በሶ

ቀኑ ተቆረጠ፣ ታዬ! የልጃችን የምሕረት ሰርግ ቀኑ ተቆረጠ! የቆረጡት ደግሞ እናትህ ናቸው፤ በገዛ አፋቸው፣ አልቅሰውልህ ሲያበቁ። አዎ፣ አለቀሱልህ! እኔ እኮ በሰው ለቅሶ የምደሰት ሴት አልነበርኩም፤ የሆነውን ስትሰማ ግን አንተም ደስ ይልሃል።

ታዬ ሆዴ፣ ሰላምታውን ዘለልኩት፤ እንደለመድከኝ ይቅር በለኝ። ከተለያየን ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነን። እዚያ ደቡብ ሱዳን፣ ከቤታችን ጓሮ፣ ከማንጎው ሥር ካስተኛሁህ ወዲህ ማለቴ ነው። ማንጎው ዘንድሮ አፍርቶ ይሆን? የሚነግረኝ የለም።

ወንጌል ልናስተምር ሄደን አሥራ አንድ ዓመት የኖርንባት ያቺ የቆርቆሮ ቤት ዛሬም ከዓይኔ አትጠፋም። ሻማው ሳይበራ በሙቀቱ ብቻ ይጎነበስ የለ? አንተ ማለዳ ተነስተህ ከዛፉ ሥር ግንዶቹን ለሰው መቀመጫ ትደረድራለህ፤ እኔ ውሃ አፍልቼ አጠልላለሁ፤ ከዚያ ሴቶቹ ስፌት ሊማሩ ይመጡና ከጨርቁ ይልቅ ጣቴን ወግተው ይሄዳሉ። ክረምት ሲገባ መንገዱ ጭቃ ይሆንና፣ ብስክሌቷ አንተን ከተሸከመችህ አንተ የተሸከምካት ይበዛል። ፍየሏ የስብከት ወረቀትህን የበላችብህ እሑድስ! ያለ ወረቀት ቆመህ በሩብ ሰዓት ስትጨርስ፣ ያ ሽማግሌ ጎረቤታችን «ለፍየሏ ሣር ጨምሩላት» ብሎ ሰዉን ሁሉ አሳቀብህ። ሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥ ከሙስሊም ልጆች ጋር ስታድግ የለቀምካት ዐረብኛ እንዴት እንደጠቀመችን! በዚያች ዐረብኛ ሰው ስታስቅ ውለህ ነው ወባው የጣለህ። ዝናቡ መንገዱን ዘጋው፤ አራት ቀን መኪና ጠበቅን። ከዚህ በላይ አልጽፈውም፤ አንተም ነበርክበት።

ያልነገርኩህ ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ምሕረትን ይዤ ሐረር ስገባ፣ እናትህ እማማ ዓይናቸውን በቀዶ ሕክምና ከተሠሩ ገና ሳምንታቸው ነበር። የቤተሰቡ ሽማግሌዎች መንገድ ላይ ጠብቀው ያዙኝ። «ካለቀሱ ዓይናቸው ይጠፋል፤ እስኪጠግግ መርዶ የለም፤ አንቺም ጥቁር እንዳትለብሺ» አሉኝ። እሺ አልኩ። እማማ «ልጄስ?» ሲሉኝ «ሥራ ይዞት ቀረ፣ ስልክም እዚያ አይሠራም» አልኳቸው። ዓይናቸው ጠገገ። ከዚያ ሁዳዴ ገባ ተባለ። ከዚያ ወንድማቸው ሞተና «በሐዘን ላይ ሐዘን አይጨመርም» ተባለ። ከዚያማ የቆየውን ውሸት ማን ደፍሮ ይንካው? በዚያው ሦስት ዓመት ሆነ።

ታዬ፣ ባሏ ሞቶባት ኩል ተኩላ፣ ስትስቅ የምትውል ሴት አይተህ ታውቃለህ? እኔ ነኝ። ጥቁር ቀሚሴ ከከተማው በላይ፣ ሐኪም ጋራ ኮረብታ ላይ፣ የልጅነት ጓደኛዬ ፋጡማ ቤት፣ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሎ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ እሷ ዘንድ ወጥቼ እለብሰዋለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ ፊቴን ታጥቤ ቢጫ ቀሚሴን መልሼ እወርዳለሁ። «አቦ፣ ባልሽን እንደ ገበያ ቀን በሐሙስ አደረግሽው እኮ! ወይ ሶብር አድርጊና ታገሺ፣ ወይ ንገሪያቸውና ይውጣልሽ» ትለኛለች፤ ብላም አታበቃ፣ አብራኝ ታለቅሳለች። ከደጅዋ ቁጭ ብዬ ከተማውን ቁልቁል እያየሁ፣ ጌታ ሆይ እኔንም ውሰደኝ ብዬ የለመንኩባቸው ሐሙሶች አሉ። አልዋሽህም።

ከሁሉ የከፋው በሶው ነው። እማማ በየዓመቱ በሶ ያዘጋጁና በነጭ ጨርቅ ይቋጥሩልሃል፤ ያቺን ሁለቴ ዞራ የምትጠብቅ ቋጠሮአቸውን ታውቃታለህ። «ወደዚያ ለሚሄድ ሰው ስጪልኝ፤ ልጄ የሰው አገር ምግብ አይስማማውም» ይሉኛል። ምን ላድርገው? ልበላው አልቻልኩም፤ ልጥለውም አልቻልኩም። ፋጡማ አልጋ ሥር ሦስት ቋጠሮ ተደረደረ።

ዘንድሮ ምሕረት ሰው ወደደች። ከጎጃም እዚህ የተመደበ የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ዝምተኛ ነው፣ እኔ ለሁለታችንም አወራለታለሁ። ሽማግሌ ላከ። እማማ «አባቷ በሕይወት ሳለ እኔ ልጅ አልሰጥም፤ እሱ ሲመጣ ኑ» ብለው መለሷቸው። ደግመው መጡ፤ ደግመው መለሷቸው። ሦስተኛ ከተመለሱ አራተኛ እንደማይመጡ ታውቃለህ። ምሕረት ጥግ ይዛኝ «እማ፣ አንቺ ባትነግሪያቸው እኔ ነግሬያቸው ከዚህ ቤት እወጣለሁ፤ አንቺም አታገኚኝም» አለችኝ። አንተን አጥቼ እሷን ላጣ!

በጾሙ ሁለተኛ ሳምንት፣ እኩለ ቀን ላይ ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለ፣ እማማ «ታዬ ለፋሲካ ይመጣል፤ በሕልሜ አየሁት» አሉ። መርዶ በማለዳ፣ በሽማግሌ እንጂ፣ ቢላ በያዘች ሴት እንደማይነገር አውቃለሁ። አመለጠኝ። «አይመጣም እማማ። ሞቷል። ሦስት ዓመቱ ነው።»

አላለቀሱም። «ሦስት ዓመት ሙሉ ስስቅ ቁጭ ብለሽ አየሽኝ?» አሉኝ። ታዬ፣ ያቺን ቃል ከምሰማ ከማንጎው ሥር ካንተ ጋር በገባሁ። ዘጠኝ ቀን አላናገሩኝም። ያቀረብኩላቸውን አልቀመሱም። ያስዋሹኝ የቤተሰቡ ሽማግሌዎች ይቅርታ ሊሉ ቢመጡ በር አልከፈቱላቸውም። እንባም የለም፤ እንደ ድንጋይ ተቀመጡ። ምሕረትም ሻንጣዋን ማሰናዳት ጀመረች። በአሥረኛው ቀን እማማ ብድግ አሉና «የላክሁት በሶስ? ማን በላው?» አሉ።

ከፈረስ መጋላ አደባባይ ባጃጅ ይዘን ወደ ፋጡማ ቤት ወጣን። ፋጡማ ሦስቱን ቋጠሮ ከጥቁር ቀሚሴ ጋር አውጥታ ከእግራቸው ሥር አኖረችላቸው። አንዱ ነቅዟል። እማማ ቋጠሮአቸውን በጣታቸው ዳሰሱ፤ አንዱን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ማንም አልፈታውም። ያኔ «ልጄ ሳይቀምሰው!» ብለው ጮኹ። አለቀሱ፣ ታዬ! እኔም አቅፌያቸው አለቀስኩ፤ ሐሙስ ባልሆነ ቀን! ሲደክማቸው ጥቁሩን ቀሚስ አነሱና «አንቺ ተደብቀሽ ለብሰሽዋል፤ እኔ በአደባባይ ልልበሰው» ብለው እዚያው ለበሱት። መሬት ይጠርግባቸዋል። ፋጡማ ጫፉን ይዛ ባጃጁ ድረስ ሸኘቻቸው።

ድንኳን ተተከለልህ። የእሳቸው ቄስም የእኛ ዘማሪዎችም ባንድ ድንኳን ተቀመጡ። ስምህን ጮክ ብዬ ጠራሁት። የአስተማሪው ሽማግሌዎች ሦስተኛ ሲመጡ እማማ ከነጥቁራቸው ተቀብለው «አባቷ የለም፤ ቆሜ የምድራት እኔ ነኝ» አሏቸው።

ከእንግዲህ አንተን ለማሰብ ሐሙስን አልጠብቅም። ውሃ ሳፈላ አስብሃለሁ፣ መርፌ ሲወጋኝ አስብሃለሁ፣ ፍየል ባየሁ ቁጥር እየሳቅሁ አስብሃለሁ። እማማ ካልነቀዙት ሁለት ቋጠሮዎች አንዱን ሳይፈቱ ይዘውታል፤ በሰርጉ ዕለት በአባት ወንበር ላይ ይቀመጣል ብለዋል። ጥቁሩንም ዋዜማውን ያወልቁታል። ያው የለቅሶህ ድንኳን ተመልሶ ይተከላል። ያለቀሰልህ ሁሉ ይምጣ፤ ሶፊ ገጠር ያሉት ዘመዶችህ፣ ፋጡማም ከነልጆቿ፣ ለእነሱ በሙስሊም እጅ ለብቻ ይታረዳል፣ በር የተዘጋባቸው ሽማግሌዎችም ጭምር። አንድም ሰው እንዳይቀር፤ የዳግማይ ትንሣኤ እሑድ፣ ከእናትህ ደጅ!