ለሴቷ መደበቂያ

ሰኞ፣ ግንቦት 4
ስምንት ሱሪ አሳጠርኩ። ሙቀቱ አይጣል ነው። አባባ ምሳውን ጨረሰ። ዳሌው ከተሰበረ ሁለት ወር ሞላው፣ ዓይኑም ደክሟል... አሁን የሚለየኝ በድምፄ ነው።

«ላምዱዋን፣ ወንዱ እያረጀ ነው። በዚህ ወር ካልወለደ አበቃ» አለኝ። አባባ በየጠርሙሱ ካረባቸው አራት መቶ ተዋጊ ዓሣዎች የቀሩት አንድ ወንድና አንዲት ሴት ናቸው። የሠላሳ ዓመት ዘሩ። «እኔ አዳቅላቸዋለሁ» አልኩት። ምን አስቀባጠረኝ? ልብስ ሰፊ ነኝ እኮ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6
ትንሿን የመስታወት ገንዳ አጠብኩ። ጭንቁ ተክሉ ነው። ሴቷ መደበቂያ ካጣች ወንዱ ቦጫጭቆ ይገድላታል። ሌላ ሴት ደግሞ የለም።

አባባ ወስኗል። «ከጓሮው ቦይ እንቦጭ አውጪ። ሥሩ ረጅም ነው፣ እዚያ ውስጥ ትገባለች። አባቴም እንዲያ ነበር የሚያደርገው።»
«ከቦዩ በላይ እኮ የኦርኪድ አበባ እርሻ አለ። መርዝ ይረጫሉ።»
«ጨው ውሃ ውስጥ ትነክሪዋለሽ፣ አለቀ።»

ጨው ቀንድ አውጣ ይገድላል፣ መርዝ አያወጣም። ስንት ጊዜ ልንገረው?

ሐሙስ፣ ግንቦት 7
ገበያ ሄድኩ። የፕላስቲኩ ቅጠል ጠርዙ ይቧጭራል፣ ክንፏን ይቀድባታል። ሰፋፊ ቅጠል ያለው ያምራል፣ ግን ከኋላው ያለው ሁሉ ይታያል። በመጨረሻ ጥቅጥቅ ያለ፣ እንደ ድመት ጅራት የሚለሰልስ የውሃ ሣር አገኘሁ። መድኃኒት ነክቶት እንደሆነ ሻጯን ጠየቅኳት። «እህቴ፣ እኔው ነኝ ያበቀልኩት። ይኸው ትንንሽ ሽሪምፕ በሕይወት ይርመሰመስበታል፣ መርዝ ቢኖረው ይሞቱ ነበር።» ወሰድኩት።

ቤት ስገባ አባባ፣ «ከቦዩ ነው?» አለኝ። «አዎ» አልኩ። ክርክሩ ሰልችቶኝ ነበር... እንጂ ሌላ ነገር አስቤ አይደለም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9
ሴቷን ለቀቅኳት። ወንዱ ጉንጩን ነፍቶ ተወረወረባት። አባባ ጆሮውን አቁሟል።
«ንገሪኝ እንጂ!»
«እያባረራት ነው... ጅራቷን ያዛት።»
«ገባች?»
«ገባች። ሣሩ ው... እንቦጩ ውስጥ።»
«ብዬሽ ነበር።»
አባባ ሰማ ይሆን?

እሑድ፣ ግንቦት 10
እንቁላል! ወንዱ ውሃው ላይ በሠራው የአረፋ ጎጆ ሥር ተደርድሯል። ሴቷን አወጣኋት። ጅራቷ በግማሽ ተበልቷል፣ ነፍሷ ግን አለች።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14
ጫጩቶቹ መዋኘት ጀመሩ፣ ወንዱንም አወጣሁት። ጎረቤታችን ጋሽ ቹዋይ ሊጠይቀን መጣ። እሱም ዓሣ አርቢ ነው። ከዚህ ዘር አንድ ጥንድ ስጠኝ ብሎ አባባን ሠላሳ ዓመት ለምኖታል፣ አባባም ሠላሳ ዓመት ከልክሎታል።

አባባ ጉራውን ነዛ። «አንተ መርዝ መርዝ እያልክ ትፈራለህ። ይኸው ላምዱዋን ከቦዩ አውጥታ፣ በጨው አጥባ...»
ጋሽ ቹዋይ ወደ እኔ ዞረ። «እውነት ነው ልጄ?»
«አዎ ጋሼ።»
ለምን? አባባን በሰው ፊት ማሳፈር ከበደኝ። ጋሽ ቹዋይ ደግሞ ሁለት ገንዳ ጫጩት አለው...

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16
ሁለት ጊዜ እስከ ጋሽ ቹዋይ በር ሄጄ ተመለስኩ። ነገ እነግረዋለሁ።

እሑድ፣ ግንቦት 17
አልነገርኩትም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19
ጋሽ ቹዋይ ከቦዩ እንቦጭ አውጥቶ ለጫጩቶቹ ጨምሮ ኖሯል፣ ሁለቱም ገንዳ አለቀ። አንድም አልተረፈም።

ጋሽ ቹዋይ የመጣው ሊቆጣ አልነበረም። «ጨው ስንት ማንኪያ ነው ያደረግሽው? እኔ አሳንሼ ይሆናል» አለኝ። ጥፋቱን በራሱ ላይ አድርጎ! አባባ እየሰማ ሁሉንም ተናገርኩ... ገበያውን፣ ሣሩን፣ ውሸቴን። ጋሽ ቹዋይ ጫማውን አጠለቀና ደህና ዋሉም ሳይል ወጣ። አባባ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እሑድ፣ ግንቦት 24
አባባ ከማክሰኞ ወዲህ ዛሬ ገና አናገረኝ።
«ጫጩቶቹ ስንት ናቸው?»
«ስልሳ ገደማ።»
«ግማሹን ለቹዋይ ውሰጂለት።»
የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። «አባባ ልኮልህ ነው ልበለው?»
«እንዳትይ። የገደልሽበት አንቺ ነሽ፣ አንቺው ስጪው።»

ሠላሳውን በማሰሮ ይዤ ሄድኩ። ጋሽ ቹዋይ ግቢ አላለኝም፣ እኔም ደጃፉ ላይ ቆምኩ። ከማሰሮው ትንሽ ውሃ በጎድጓዳ ሳህን ቀዳ፣ ከደጁ ጋን የትንኝ እጭ የምትለቅም አንዲት ተራ ዓሣ አውጥቶ ጨመራት። ትሞት እንደሆነ ተቀምጦ አያት። አንድ ሰዓት ያህል። እኔ እንደቆምኩ ነኝ። ዓሣዋ ምንም አልሆነችም። ያኔ ማሰሮውን አንሥቶ ገባ።

ቤት ስመለስ አባባ፣ «ተቀበለሽ?» አለኝ።
«ተቀበለኝ።»
ፊቱን ወደ ድምፄ አዞረና፣ «እውነትሽን ነው?» አለ።
በአርባ ስድስት ዓመቴ እንዲህ ብሎ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያ ጊዜው ነው።