ከበሮዎቻችንን ላሰሩልን የትምህርት ተቆጣጣሪ

ለተከበሩ የወረዳችን የትምህርት ተቆጣጣሪ፣ ለሴኞር አንሴልሞ ቤርዱጎ፤

ይህች ደብዳቤ በሙሉ ጤንነትና፣ እርስዎ ከጤናም አብልጠው በሚወዱት ጸጥታ ውስጥ እንድታገኝዎ ምኞቴ ነው። እኔ ኤውዶሲያ ፓሎሚኖ፣ በወንዙ ወደብ ዓሣ ጠብሼ የምሸጥ፣ የሦስተኛ ክፍሏ የማይሬት እናት ነኝ። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በመጀመሪያ ስለ ጉብኝትዎ አመሰግናለሁ። ክፍል ሲገቡ መምህርት ኔሬይዳ ስለ ውሃ ዑደት እያስተማረች ነበር፤ ገሚሶቹ ልጆች ደመና ሆነው ሲያንዣብቡ፣ የቀሩት ከበሮ እየመቱ ይዘንቡ ነበር። «ይሄ ትምህርት ቤት ነው ወይስ የካርኒቫል ሰፈር?» ብለው ሲጮኹ፣ «ጋሼ፣ ዳር ይያዙ፣ እየዘነበ ነው» ያለችዎ ባለጌ የእኔው ልጅ ናት። ስለ አስተዳደጓ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፪. ከበሮዎቹን ዕቃ ቤት ቆልፈው፣ መምህርቲቱን «እስክትታረም» ከክፍል ስላገዱልንም እናመሰግናለን። ማይሬት ድሮ ክፍልፋይ ሲነሣ ታለቅስ ነበር። መምህርት ኔሬይዳ ሙሉውን፣ ግማሹንና ሩቡን በከበሮ ምት ካስያዘቻት ወዲህ ግን፣ ዓሣ ስቆርስ ጠረጴዛውን መታ መታ አድርጋ «እማዬ፣ ይሄ ግማሽ አይደለም፤ ለወንድሜ አድልተሻል!» እስከማለት ደርሳ ነበር። በእርስዎ ትእዛዝ ከዚህ ሁሉ ንትርክ ተገላገልኩ። አሁን ጠዋት ጠዋት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ «ሆዴን ያመኛል፣ አልሄድም» ትላለች። እዚህ ላይ እንኳ መቀለድ አቅቶኛል፤ ይለፈኝ።

፫. ወላጆች ተሰብስበን ቢሮዎ ብንመጣ፣ «ጭፈራውን በየቤታችሁ!» ብለው አሰናበቱን። ምክርዎን በፍጹም ታዛዥነት ተቀበልን። ከዚያች ዕለት ጀምሮ መምህርት ኔሬይዳ ከሰዓት በኋላ በአንድ ግቢ፣ በማንጎ ዛፍ ሥር፣ በባልዲና በድስት ታስተምራለች። እርስዎ በምትኳ የላኩልን መምህርም ከኋላ ተቀምጠው ባልዲ ሲመቱ አይቻቸዋለሁ፤ ምት ይስታሉ እንጂ ትጋታቸው የሚያስመሰግን ነው።

፬. ባለፈው ሳምንት ለፈተና መጥተው ማይሬትን «ሦስት አራተኛና ግማሽ ሲደመር ስንት ነው?» ብለው ሲጠይቋት፣ «አንድ ከሩብ» አለችዎ። «አያችሁ! ያለ ጭፈራ ሲሆን እንዲህ ነው!» ብለው ክፍሉን በሙሉ አስጨበጨቡላት። ተረከዟ ከዴስኩ ሥር ሲመታ የነበረውን እርስዎ ብቻ አልሰሙም።

እንግዲህ መምህርታችንን ወደ ክፍሏ፣ ከበሮዎቻችንንም ወደ ልጆቻችን እንዲመልሱ፣ ጉልበቴ የፈቀደልኝን ያህል ዝቅ ብዬ እለምናለሁ።

ጸጥታዎን በማደፍረሴ የማልጸጸት፣ አክባሪዎ፣
ኤውዶሲያ ፓሎሚኖ

ማሳሰቢያ፦ ግቢውን የፈቀደልን ማን እንደሆነ ሊያስመረምሩ ነው ሲባል ሰማን። ድካምዎን ልቀንስልዎ፤ የወላጅ እናትዎ የዶኛ ኡባልዲና ግቢ ነው። «አንሴልሞ ማባዛት የገባው የድስት ክዳኔን ሲወቅጥ ነው፤ ክዳኑ እስከ ዛሬ ጎባጣ ነው፣ ይምጣና ይየው» ብለዋል። እሑድ ለምሳ ይጠብቁዎታል። ከበሮዎቹን ሳይዝ ቢመጣ ግን በሩን አልከፍትለትም ብለዋል።