ከመጨረሻው ዘፈን በኋላ

ጥቅምት 4
ሱቁ ጭር ብሏል። ካሴት የሚያስቀዳ ሰው ከጠፋ ቆየ፤ አሁን እንጀራዬ የሰው አሮጌ ካሴት ወደ ፍላሽ ማዛወር ነው። ዛሬ ግን ለራሴ ሰው ልሠራ። ባለቤቴ ከሆስፒታል እስክትወጣ የጎርናናውን አልበሞች በሙሉ በአንድ ፍላሽ ላስገባላት። ጎርናናው የምንለው ያንን አሜሪካዊ ነው... ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ ሠርቶ የሚዘፍነውን። እሷ ለሱ ትሞታለች። ዐሥራ አንድ አልበም፣ ዐሥራ አንድ ካሴት፣ ሁሉንም የቀዳሁላት እኔው ነኝ። ዐሥራ አንደኛው እህቷ ዘንድ ነው። የተዋሰ ሰው መቼ መልሶ ያውቃል?

ጥቅምት 5
ማንቁርቷን አወጡት። "ሕይወቷ ተርፏል" አለኝ ሐኪሙ። ድምፅስ? "እሱን እንኳ ይርሱት።"
ጠዋት ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ስትገባ "ካሴቶቼን..." ብላ ጀምራ ነበር። "አታስቢ፣ እኔ አለሁልሽ" ብዬ አቋረጥኳት።

ጥቅምት 9
ዐሥሩን ጨረስኩ። ሥራ ማለት ይሄ ነው! የእያንዳንዱን ርዝመት በቃሌ አውቀዋለሁ፤ የመጨረሻው ዘፈን ሲያልቅ ጣቴ ማቆሚያው ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሽሽሽ ለማን ይጠቅማል? ለደንበኛ ሲሆን የተረፈውን ቦታ በሌላ ዘፈን እሞላው ነበር። እሷ ግን "የኔን አትሙላው፣ እንዲሁ ተወው" ትለኝ ነበር። አመሏ ነው ብዬ ተውኳት።
ካሴቶቹን በማግኔት አጥፍቼ ለዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቱ መምህር ሰጠሁት። ትምህርት የሚቀዳበት ባዶ ካሴት አጥቶ ሲንከራተት ነበር። ምርቃቱን አዥጎደጎደው።

ጥቅምት 17
ቤት ገባች። አንገቷ ላይ ፋሻ፣ እጇ ላይ ደብተርና እርሳስ። ፍላሹን ሰጠኋት። ፈገግ አለች። ከዚያ ጻፈች፦ "ካሴቶቹስ?"
"ምን ያደርጉልሻል? ሁሉም እዚህ አለልሽ። መጨረሻቸው ላይ ያለውን ባዶ እንኳ ቆርጬ ጥዬዋለሁ።"
እንደገና ጻፈች፦ "ባዶ አልነበረም።"
ሁሉንም ጽፋ ነገረችኝ፦ እኔ ሱቅ ስውል እሷ ትቀዳ ነበር። ከየአልበሙ አንድ አንድ ዘፈን፣ ሳይድ ቢ መጨረሻ ላይ፣ በራሷ ድምፅ። ዐሥራ ስድስት ዓመት!
"ለምን አልነገርሽኝም?"
"አንድ ቀን እስከ መጨረሻው ብትሰማ ታገኘኛለህ ብዬ።"
አፈር ልብላ። በገዛ እጄ...

ጥቅምት 18
መምህሩ ዘንድ ሮጥኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። "ምነው ጋሼ፣ ባዶ ነው ብለው አይደል የሰጡኝ?" አለ፤ ደነገጠ። ማግኔት ያለፈበት ካሴት ምን ይተርፈዋል? ይህን ከኔ በላይ ማን ያውቃል? ግን ዐሥሩንም አስከፍቼ ሰማሁ። ሂሳብ... ጂኦግራፊ... ከዚያ ሽሽሽ።
ስልኬንም በረበርኩ። እሷ ትደውላለች እንጂ ድምፅ ቀድታ አትልክም። የሠርጋችን ቪዲዮስ? ከዳር እስከ ዳር ሙዚቃ ተጭኖበታል። የጫንኩትም እኔ ነኝ።

ጥቅምት 19
ዐሥራ አንደኛው! እንዴት ረሳሁት? እህቷ ጋ ደወልኩ። "ጠፍቶ እንዳይሆን" አለችኝ። ልቤን በላችው።

ጥቅምት 21
ተገኘ። እህቷ ይዛው መጣች። "ይቅርታ የኔ ወንድም፣ ስንት ዓመት ቆየብኝ" ስትል እግሯ ሥር ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ባለቤቴ ግን ራሷን ነቀነቀች። ደስ አላላትም። ለምን?
ለምን እንደሆነ ቴፑ ውስጥ ስከተው ገባኝ። ረጅሙ አልበም ይሄ ነው። ካሴቱ የስልሳ ደቂቃ፣ አንዱ ጎን ሠላሳ፤ የሳይድ ቢው ዘፈኖች ደግሞ ሃያ ዘጠኝ ደቂቃ ከሃምሳ ሴኮንድ። የተረፋት ዐሥር ሴኮንድ ብቻ ነው።
ዘፈኑ አለቀ። ጣቴ ወደ ማቆሚያው ሄደ፤ በሌላው እጄ ያዝኩት። ሽሽሽ... ጉሮሮዋን ጠረገች። "እሺ... አሁን ደግሞ የኔ ተራ" አለችና ሳቀች።
ቷ! ካሴቱ አለቀ።
ደጋግሜ ከፈትኩት። ስንት ጊዜ እንደሆነ እንጃ። እሷ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ደብተሩን ዘረጋችልኝ፦ "በቃ ዝጋው።"

ኅዳር 2
ዛሬ አንድ ደንበኛ "ዘፈኑ አልቋል እኮ፣ ለምን አታቆመውም?" አለኝ። ቁጭ በል፣ ካሴቱ እስኪያልቅ ነው አልኩት። ያበድኩ መሰለው። እስካሁን ሽሽሽ ብቻ ነው የሰማሁት።
ፍላሹ ባስቀመጥኩበት አለ፤ አልነካችውም። ማታ ልብስ ስታጥፍ አጠገቧ ተቀመጥኩ። "በዐሥራ አንደኛው ላይ የትኛውን ልትዘፍኚ ነበር?" አልኳት።
እርሳሱን አነሳች። ጠበቅኩ። ምንም ሳልናገር፣ ሳላቋርጣት ጠበቅኩ።
መልሳ አስቀመጠችው።